ካሴት የሚገለብጥ፣ ፍላሽ የሚሞላ፦ ስለ አንድ የጅማ ሙዚቃ ቤት

ጅማ ውስጥ ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ ከልብስ መሸጫዎቹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ፣ ከአንድ ክፍል የማትበልጥ ሙዚቃ ቤት አለች። በካሴቱ ዘመን ካሴት ይሸጥባት ነበር፤ ዛሬ የምትተዳደረው በሁለት ሥራዎች ነው። አንደኛው የቆዩ ካሴቶችን በኮምፒውተር ገልብጦ በፍላሽ ማስረከብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለባጃጅና ለሚኒባስ ሾፌሮች፣ ለተማሪዎችና ለካፌዎች አዳዲስ ዘፈኖችን መጫን ነው። የአባቴን ካሴቶች እዚያ ስላስገለበጥኩ፣ ካሴት በሳጥን አስቀምጠው ምን እንደሚያደርጉት ለተቸገሩ ሰዎች ስለ አገልግሎቱ ያለኝን አስተያየት እጽፋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ የመገልበጡ ሥራ ጥንቃቄ የተሞላበትና የሚመሰገን ነው፤ ከተገለበጠ በኋላ ድምፁን «ለማሳመር» የሚደረገው ግን የካሴቱ ባለቤት አስቀድሞ ካልከለከለ በስተቀር ቅጂውን ይጎዳዋል።

ዝናብ በሚበዛበትና እርጥበቱ ቤት ድረስ በሚዘልቅበት እንደ ጅማ ባለ ከተማ፣ ለዓመታት ያልተከፈተ ካሴት ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ካሴት ዝም ብሎ ቴፕ ውስጥ መክተት ክሩን ማስበላት ብቻ ሳይሆን ሻጋታውን በሄዱ (ከክሩ ላይ ድምፁን በሚያነበው የቴፑ ክፍል) በኩል ወደ ቀጣዩ ካሴት ማጋባት ጭምር ነው። የቤቱ ባለሙያ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ እያንዳንዱን ካሴት ወደ ብርሃን አዙሮ ይመረምራል፣ የሻገተውን ለብቻው ያስቀምጣል፣ ብሎን ያለውን በትንሽ ካቻቪቴ ይፈታል፤ ክሩን ከኋላ ደግፋ ከሄዱ ጋር የምታገናኘው ቁራጭ ጨርቅ ወልቃ ከሆነም ከማይጠገን ካሴት ነቅሎ ይተካታል። አንዱ ካሴት ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ሄዱንና ክሩን የምትስበውን ጎማ አልኮል በነካ ጥጥ ይወለውላል። ከሁሉ በላይ ያረካኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነው። ካሴቱ መጫወት ሲጀምር የሄዱን አቋም የምትቆጣጠረውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ፣ ታፍኖ የነበረው ድምፅ ተከፍቶ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው እስኪለዩ ድረስ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ካሴቶቹ በተለያዩ ቴፖች የተቀዱ በመሆናቸውና የእያንዳንዱ ቴፕ ሄድ አቀማመጥ ትንሽም ቢሆን ስለሚለያይ፣ ይህ ማስተካከያ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደ አዲስ መደረግ አለበት። ብሎኗን ነክቶ የማያውቅ ገልባጭ የሚሰጣችሁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ድምፅ ነው።

ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃውን ሙሉ መጫወት አለበት። መብራት ከጠፋ ደግሞ የተጀመረው ገጽ ከመጀመሪያው እንደገና ይቀዳል። ክፍያው በካሴቱ ርዝመት እንጂ በዘፈኑ ብዛት አይታሰብም፣ ይህም ተገቢ ይመስለኛል።

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተራ ሲጠብቁ የሁለት ትውልድ ደንበኞችን ጎን ለጎን የማየት ዕድል ይገኛል። በዕድሜ የገፉት የሚጠይቁት ስለ ካሴት ነው፤ የጥላሁን ገሠሠን፣ የማሕሙድ አሕመድን ወይም የብዙነሽ በቀለን ካሴት በሽፋኑ ቀለም ጭምር ለይተው ይናገራሉ። ወጣቶቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዘፈን፣ አንዳንዴም ቲክቶክ ላይ ስለሰሟት የዘፈኑ ቁራጭ ነው። አንድ አዛውንት ካሴታቸው ሲገለበጥ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ዘፈን አልቆ ጸጥታው ሲመጣ፣ ቀጣዩ ገና ሳይጀምር መግቢያውን በትክክለኛው ድምፅ ማንጎራጎር ጀመሩ። ካሴት መዝለልን አይፈቅድም፤ የማይወዱትን ለማሳለፍ ክሩን ወደፊት አጠንጥኖ በግምት ማቆም ግድ ስለነበር ሰው ሁሉንም መስማት ይቀለው ነበር። በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት ከዜማው ይልቅ በዚህ አደማመጥ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ምቱ በማሽን ይሠራ፣ ድምፁም በኦቶቱን ይስተካከል እንጂ፣ ዘንድሮ ከወጡት ዘፈኖች ብዙዎቹ ዛሬም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የቤቱ ጉድለት የሚመጣውም ባለሙያው የአንዱን ትውልድ ካሴት በሌላው ትውልድ ጆሮ በማስተካከሉ ነው። የተገለበጠውን ድምፅ ሳይጠየቅ በፕሮግራም ያጸዳል፣ በዘፈኖች መካከል ያለውን ጸጥታ ይቆርጣል፣ የሁሉንም ድምፅ እኩል ከፍ ያደርጋል፣ ቤዝም ይጨምራል። በባጃጅ ስፒከር ለሚሰማ ይህ ደስ ይላል። ማሲንቆ ያለበት ካሴት ላይ ግን ፕሮግራሙ የክሩን ሹሹታ ከደጋኑ ፍትጊያ ሊለይ ስለማይችል ሁለቱንም አብሮ ጠርጓቸው፣ ማሲንቆው በውኃ ውስጥ የሚጫወት ይመስላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አባቴ በወጣትነቱ ከሬዲዮ በቀዳው ካሴት ላይ ደረሰ። አስተዋዋቂው ዘፈን ያስመረጡትን ሰዎች ስምና ሰላምታ የሚያነብበት ክፍል በሙሉ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ጋሼ፣ ወሬውን አወጣሁልዎት፤ ዘፈኑ ብቻውን ይሻላል ብዬ ነው» አለው ባለሙያው በቅንነት።

«የኔ ልጅ፣ ዘፈኑንማ የትም አገኘዋለሁ፤ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ያስቀመጥኩት ወሬውን ብዬ ነው» ሲል አባቴ መለሰለት።

ለፍትሕ ያህል መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ባለሙያው ያልተነካውን ቅጂ ወዲያው ስላልደመሰሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ መልሶ ሰጥቶናል። ነገር ግን ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ እንደሚገኝ፣ ሰላምታው ግን ከዚያ ካሴት በቀር የትም እንደሌለ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ሙሉ ካሴት ማስገልበጥ የእኛን የታላላቆቹንም ትምክህት ያበርዳል። ተራ ስንጠብቅ «የዘንድሮ ዘፈን ጩኸት ነው፣ ግጥም የለውም» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይሁንና ከምናወድሳቸው ካሴቶች በርካቶቹ ሁለተኛ ገጻቸው ላይ ሲደርሱ ቦታ ለመሙላት የገቡ፣ ግጥማቸው ተደጋጋሚ የሆነ ዘፈኖች አሉባቸው። ከዚያ ዘመን በአእምሯችን የቀሩት የተመረጡት ብቻ ናቸው፤ ከዛሬው ግን ምርቱንም ገለባውንም አንድ ላይ እየሰማን እናወዳድራለን። ክራርና ማሲንቆ እየሰማች ያደገችው አያቴ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ስለሚነፋው ሳክስፎን ትናገር የነበረው ዛሬ አባቴ ስለ ኦቶቱን ከሚናገረው ብዙም አይለይም።

ይህ የትውልድ ድንበር የማይሠራበት ቦታም አለ። አሊ ቢራን የሚጠይቀው ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ካረፈ በኋላም የልጅ ልጆቹ የሚሆኑ ተማሪዎች ዘፈኖቹን በስም እየጠሩ ያስጭናሉ። በ2012 ዓ.ም. የተገደለው ሃጫሉ ሁንዴሳም በተቃራኒው በወጣቶች ፍላሽ ብቻ ሳይሆን በአባቶች ፍላሽ ውስጥ አለ። የሙላቱ አስታጥቄ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ይህ ሰው በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፤ ሆኖም ብዙ ወጣት ዜማውን መጀመሪያ የሚሰማው በውጭ አገር ራፕ ውስጥ ነው። ናስና ዳሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የጋራ አልበም ውስጥ ባለ አንድ ዘፈን ላይ ከሙላቱ ሥራ ቆርጠው ተጠቅመዋል። ይህን ዘፈን ለሚያስጭን ሰው ባለሙያው የሙላቱን ቅጂ ሳይጠየቅ አብሮ ይጨምርለታል። ሳይጠየቅ ከሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ የምደግፈው ይህን ብቻ ነው።

የፍላሽ መጫኑን ሥራ በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው። ፈጣን ነው፣ ዘፈኖቹም በዘፋኝ ስም ተለይተው ይደረደራሉ። ነገር ግን ገና በቅርቡ የወጣ አልበም ለዘፋኙ አንድ ሳንቲም ሳይደርሰው በእጅ ዙር ይቸበቸባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዘመናት አልፈዋል፤ የራስን ካሴት ለራስ ማስገልበጥና የሌላን ሰው አዲስ ሥራ መቸብቸብ ደግሞ አንድ አይደሉም። እኔ የመጀመሪያውን ተጠቅሜ ሁለተኛውን ትቻለሁ።

ወደዚህ ቤት የሚሄድ ሰው ካሴቱን ሲያስረክብ «ምንም ሳይነካ፣ ሳይቆረጥ፣ በዌቭ» ብሎ ማስጻፍ አለበት። ካልተነገራቸው የሚሰጡት በ128 ኪሎ ቢት የታመቀ ኤምፒ3 ሲሆን፣ የ60 ደቂቃ ካሴት በዚህ መልክ ወደ 58 ሜጋ ባይት ብቻ ይይዛል፤ ያልታመቀው ዌቭ ግን ከ600 ሜጋ ባይት በላይ ስለሆነ በ16 ጊጋ ፍላሽ ውስጥ የሚገባው ወደ 25 ካሴት ነው። ማጽዳትም ማሳነስም ከዚያ ቅጂ ላይ በፈለጉት ጊዜ ሊደረግ ይችላል። በካሴቱ ሽፋን ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ በስልክ ፎቶ አንስቶ አብሮ ማስቀመጥም ይጠቅማል፣ ቤቱ ይህን አያደርግምና። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ በመተላለፊያው ማለፍ ያዳግታል፤ ከውጭ የሚገባው ሁካታም ባለሙያው ሄዱን በጆሮው ለማስተካከል እንዳይችል ስለሚያደርገው በሌላ ቀን ማለዳ መሄድ ይመረጣል። ሸክላ ያላቸው ሰዎች ግን ባይደክሙ ይሻላል፤ ቤቱ የሸክላ ማጫወቻ የለውም።