የኮሌጃችን የስፖርት አዳራሽ፦ ደንቡ ይመሰገናል፣ የአቤቱታው መንገድ ግን ይስተካከል

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪ ነኝ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ስለከፈተው የስፖርትና የመዝናኛ አዳራሽ፣ በተለይም በውስጡ ስለሚሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ለሴት ተማሪ የአንድ ጂም ጥራት የሚለካው በማሽኖቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ገብታ፣ ሠርታ፣ ልብሷን ቀይራ እስክትወጣ ድረስ ማንም ሳይነካትና ሳይለክፋት መቆየት መቻሏም ዋና መለኪያ ነው።

ስለ ዕቃዎቹ ብዙ የሚባል ነገር የለም። የመሮጫ ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ ክብደቶቹ ይበቃሉ፣ የጠረጴዛ ቴኒሱ ጥሩ ነው፤ ሻወሩ ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስለሆነ አይታመንም። ክፍያው ከምዝገባ ጋር ተካቶ ስለሚከፈል፣ በከተማው ጂሞች የሚጠየቀውን ወርሃዊ ክፍያ ለማይችል ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ መብራት ስለገባለትም፣ ከትምህርት በኋላ አምሽቶ ወደ ታክሲ መሄድ እንደ ድሮው አያስፈራም።

አዳራሹን ከሌሎች የሚለየው በበሩና በየግድግዳው በትልልቅ ፊደል የተለጠፈው ደንብ ነው። ደንቡ «ትንኮሳ ክልክል ነው» ብሎ በደፈናው አያልፍም፤ አንዲት ልጅ ማሽን ላይ ሳለች «ላሳይሽ» ብሎ መንካትን፣ ስለ ሰውነቷ ወይም ስለ አለባበሷ አስተያየት መወርወርን፣ አልፈልግም ካለች በኋላ ስልክ ቁጥር እንድትሰጥ መነዝነዝን፣ ያለ ፈቃድ ፎቶም ሆነ ቪዲዮ መቅረጽን አንድ በአንድ ይጠቅሳል። «ቀልዴን ነው» ማለት ማስተባበያ እንደማይሆንም በግልጽ ተጽፏል። ይህ መስመር መጻፉ ብዙ ክርክር ያስቀራል፤ ለካፊ ሁሉ ሲያዝ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነውና። ከሳሽን ብቻ ሰምቶ መቅጣትም የለም፤ ተከሳሹ የሚሰማበት ዕድል ተቀምጦለት፣ ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ከአዳራሹ እስከ መታገድና ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እስከ መቅረብ በደረጃ ተዘርዝሯል።

ደንቡ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። አንድ ምሽት አንድ ተማሪ ለቲክቶክ ራሱን ሊቀርጽ ስልኩን በውሃ ኮዳ አስደግፎ ወደ መስታወቱ አቆመ፤ ከበስተጀርባው አንዲት ልጅ ክብደት ይዛ ቁጭ ብድግ ትሠራ ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ስልክህን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ከኋላህ ሰው አለ፤ የቀረጽከውንም እሷ እያየች አጥፋው» አሉት። ልጁም «ይቅርታ እህቴ» ብሎ እፊቷ አጠፋው። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልተዋረደ፤ ልጅቷም ሥራዋን ቀጠለች።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን የፑል መጫወቻው ክፍል በር ላይ ሲደርስ ያበቃል። እዚያ ደንቡም አልተለጠፈም፣ ተቆጣጣሪም አይቀመጥም፤ ወደ ሴቶች ልብስ መቀየሪያ የሚያስኬደው ኮሪደር ደግሞ በዚያው በር ፊት ለፊት ያልፋል። ሴት ተማሪ ባለፈች ቁጥር ጨዋታው ቆሞ ለከፋው ይጀመራል። ብዙዎቻችን የስፖርት ልብሳችንን ከቤት ለብሰን የምንመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለሴቶች ብቻ የተመደበ ሰዓት አለ፤ ነገር ግን ጠዋት ስለሆነ ቀን ሠርታ ማታ ለምትማር አይጠቅማትም፤ ቢጠቅማትም እንኳ የለካፊውን ጠባይ ለማረም ተለካፊዋን ሰዓት ማስቀየር ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአቤቱታው መንገድ ነው። በደል የደረሰባት ተማሪ አቤቱታዋን ከምስክሮች ስም ጋር በጽሑፍ ለአዳራሹ አስተባባሪ እንድታቀርብ ትገደዳለች። ትንኮሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ሰው በሌለበት መሆኑ እየታወቀ ምስክር ካላመጣሽ ማለት፣ በሩን ከፍቶ መልሶ እንደ መዝጋት ነው። አስተባባሪው የኮሌጁ ቡድን አሠልጣኝም በመሆናቸው ተከሳሹ ተጫዋች ሲሆን ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜም አልተወሰነም፤ እኔ ራሴ ስለ ፑሉ ክፍል በጽሑፍ አመልክቼ «ይታያል» ከመባል በቀር ያገኘሁት መልስ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸምን ወሲባዊ ትንኮሳ ስለሚከለክል፣ በአዳራሹ ተቀጥራ የምታሠለጥን ሴት የምትጠቅሰው ሕግ አላት። ተማሪዋ ግን ተቀጣሪ አይደለችም፤ በዕለት ተዕለት የግቢ ኑሮዋ ቅርብ መከታዋ ተቋሙ ያወጣው ደንብ ነው። ስለዚህ ኮሌጁ አቤቱታ ተቀባዩን ከአዳራሹ አስተዳደር ለይቶ ለሥርዓተ ፆታ ክፍሉ ቢሰጥ፣ በቃልም ቢቀርብ ቢቀበል፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ቢወስን፣ ደንቡንም በፑሉ ክፍል በር ላይ ቢለጥፍ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም።

ለአዲስ ገቢ ሴት ተማሪዎች አዳራሹን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ከቻላችሁ ጋሼ ተረኛ በሚሆኑበት ምሽት ጀምሩ። የፑሉን ክፍል ግን እስኪስተካከል ድረስ አልመክርም።