ዙም ወይስ ጉግል ሚት፦ ተማሪን ለማሳተፍ የሚሻለው የትኛው ነው?

በዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ትምህርት የሚያገለግሉት ዙምና ጉግል ሚት በነፃ አገልግሎታቸው እስከ 100 ሰው ቢያስተናግዱም፣ የቡድን ስብሰባን ዙም በ40፣ ሚት ደግሞ በ60 ደቂቃ ይገድባል። ሚት በኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ መተግበሪያ መጫን ሳያስፈልግ በብራውዘር ስለሚከፈት ለመግባት ይቀላል።

ለውይይት ግን ዙምን እመርጣለሁ፤ መምህሩ 40 ተማሪዎችን በአራት በአራት ከፍሎ ወደ ንዑስ ክፍሎች ሲልካቸው፣ በትልቁ ክፍል ካሜራውንም ማይኩንም ዘግቶ የቆየው ተማሪ በሦስት ጓደኞቹ ፊት ዝም ማለት ይከብደዋልና። (መምህሩ በየክፍሉ እየገባ ካላዳመጠ ግን ጨዋታው ከትምህርቱ መውጣቱ አይቀርም።) በሚት ይህ ክፍፍል የሚገኘው በተወሰኑ የክፍያ ዕቅዶች ብቻ ነው። እጅ በማንሳትና በጽሑፍ መልእክት ረገድ ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም።