ፈጣን ቻርጅ በመንገድ ዳር ወይስ ዘገምተኛው በሆቴል ግቢ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ሐዋሳ የሚወርድ ሰው አዲስ ሒሳብ ይዟል፦ ባትሪውን የት ይሙላ? መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ7 ኪሎዋት መሙያ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ለሚያድር እንግዳ ይህ ምንም አይደለም፤ እሱ ሲተኛ መኪናውም ይሞላል፣ ሆቴሉም ከተራ መስመር በላይ አያስፈልገውም።

ባለ 60 ኪሎዋቱ ፈጣን መሙያ ይህንኑ ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ በዐርባ ደቂቃ አካባቢ ያደርሳል፤ ምሳ በልቶ ቡና ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ ነው። ከ80 በኋላ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። መቶ ካልሞላሁ ብሎ መገተር ወረፋ ጠባቂውን ማስቆጣት ብቻ ነው። የመትከያው ዋጋም ቀላል አይደለም፤ አራት መሙያ አንድ ላይ 240 ኪሎዋት ስለሚጠይቅ የራሱን ትራንስፎርመር ይሻል። በዚያ ላይ የሶኬቱ ጣጣ አለ፦ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢ/ቲ የተባለውን ሶኬት፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 የተባለውን ይፈልጋል።

ለሚያድር የሆቴሉን እመርጣለሁ። ደርሶ ለሚመለስ ግን በመንገዱ ላይ ባለችው ባቱ (ዝዋይ) ፈጣኑ ይተከልለት፤ መልሱ ዳገት ነውና ባትሪው ከመውረጃው የበለጠ ይበላል።