ትንሹ ኤክስካቫተር በደሴ ዳገት ላይ፦ የማሽኑና የኪራዩ ግምገማ

በተዳፋት መሬት ላይ እስከ ቤቱ ደጃፍ የመኪና መግቢያ ለማውጣት ለሚያስብ ሰው፣ ክብደቱ 1.7 ቶን ገደማ የሆነው ትንሹ ኤክስካቫተር (የመሬት መቆፈሪያ ማሽን) ተገቢ ነው፤ ማሽኑ በሰዓት ተቆጥሮ የሚከራይበት ውል ግን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አይመችም። ይህን የምለው ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ አሸዋና ሲሚንቶ በአህያ ጀርባና በሰው ሸክም ሲወጣበት ከኖረ ሰፈር ነው። ጥቂት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን፣ 3 ሜትር ስፋትና 80 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ አይሱዙ የሚያስገባ መንገድ ለማስቆረጥ ማሽኑን ከነኦፕሬተሩ ተከራየን። የአከራዩን ስም አልጠቅስም፤ የጠየቅናቸው ሌሎች አከራዮችም ያቀረቡልን ውል በአመዛኙ ተመሳሳይ ነበርና ጉድለቱ የአሠራሩ እንጂ የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለኝም።

በዚህ መደብ በሰፊው ከሚታወቁት ማሽኖች አንዱ የሆነው ኩቦታ ዩ17፣ በጎማ ፋንታ የሚሄድበት ሰንሰለት ሲሰበሰብ ስፋቱ 99 ሴንቲ ሜትር፣ ሲዘረጋ ደግሞ 124 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እስከ 2.3 ሜትር ድረስ ወደ ታች መቆፈር ይችላል። የእኛም ማሽን ከዚሁ መደብ ነበር። ሰንሰለቱን ሰብስቦ በጠባቡ የሰፈር መተላለፊያ አለፈና፣ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ዘርግቶ ቆመ። ሁለተኛው ጥቅሙ ሲዞር ጀርባው ከሰንሰለቱ ስፋት አለመውጣቱ ነው፤ በስተግራ የተቆረጠ ግድግዳ፣ በስተቀኝ ገደል ባለበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። 20 ቶን የሚመዝነው የተለመደው ኤክስካቫተር ብቻውን 3 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ እየዞረ እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ ቢያንስ 4.5 ሜትር የሚሆን መቆሚያ ለራሱ መቁረጥ አለበት።

ይህ የስፋት ልዩነት በአፈር ሲሰላ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የእኛ መሬት በ2 ሜትር አግድም 1 ሜትር የሚወርድ፣ ማለትም 50 በመቶ ተዳፋት ነው። በዚህ ላይ 3 ሜትር መንገድ ሙሉ በሙሉ ወደ ተራራው ተቆርጦ ሲሠራ፣ የውስጠኛው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቢቆም ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ የሚወጣው አፈርም በእያንዳንዱ ሜትር 2.25 ሜትር ኩብ ነው። ስፋቱ 4.5 ሜትር ሲሆን ግን አፈሩ ከ5 ሜትር ኩብ ያልፋል። ትልቁ ማሽን ይፈጥናል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ከፈለገው ከሁለት እጥፍ በላይ ተራራ ይንዳል።

ግማሹን ቆርጦ ግማሹን መሙላት ይቀላል የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምተናል። በወረቀት ላይ ቁፋሮው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ እውነት ነው። ሙሌቱን ግን ማን ይይዘዋል? ልቅ አፈር ተረጋግቶ እንዲቆም በ1 ሜትር ውርደት 1.5 ሜትር ያህል ወደ ውጭ መሄድ ስላለበት፣ የእኛ ሙሌት ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ ነባሩን መሬት የሚያገኘው 4.5 ሜትር ርቆ ነው። እዚያ ድረስ ለመድረስ ደግሞ ቁፋሮው ከሚሰጠው አራት እጥፍ አፈር ይጠይቃል። ከእኛ በታች የሌላ ሰው ጓሮ ስላለ ምርጫው አልተገኘም። መሬቱ ከዚህም በላይ ቀጥ ባለበት፣ ከ60 በመቶ በኋላ፣ ያለ ድጋፍ ግንብ የሚቆም ሙሌት የለምና ሙሉ ቆረጣ ግዴታ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ 180 ሜትር ኩብ የሚጠጋ መሬት መነሣት ነበረበት። የዚህ ማሽን ባኬት (መቆፈሪያ አካፋው) በአንድ ጊዜ የሚያነሣው 0.04 ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን፣ አፈር ሲቆፈር ደግሞ ሩብ ያህል ይነፋል። በሌላ አነጋገር ባኬቱ ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ መሙላትና መድፋት አለበት፤ አንዱ ዙር 20 ሰከንድ ቢፈጅ ቁፋሮው ብቻ ከ30 ሰዓት ያልፋል። ከዚህ በተጨማሪ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና፣ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በስሱ አየር ምክንያት ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። 16 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይህን ሲያጣ ዳገት ላይ አፈር ሲገፋ በግልጽ ይታወቃል። አከራዮች ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ አልሰማሁም፤ በቆላ ከተማ የተሰጠ የፍጥነት ግምት ለደጋ አይሠራም።

ኦፕሬተሩን ሳላመሰግን አላልፍም። በመጀመሪያ ዙር በተቀመጠው ችካል መሠረት አንድ ሜትርና ተኩል የማይሞላ ስስ መሸጋገሪያ ከዳር እስከ ዳር ቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው በራሱ መሸጋገሪያ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ እያሰፋ የሄደው። ሰንሰለቱ ሁልጊዜ በመንገዱ አቅጣጫ እንጂ ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ አያውቅም። ሲቆፍር ብሌዱን፣ ማለትም አፈር መግፊያ ብረቱን፣ መሬት ላይ ያስነክሳል፤ የሞላ ባኬት በገደሉ በኩል ከፍ አድርጎ አያዞርም፤ ሲጓዝ ባኬቱን ከመሬት ብዙም ሳያነሣ ይዞ ይሄዳል። የውጭኛውን ሰንሰለት ልቅ አፈር ላይ እንዲያሳርፍ አንዱ ጎረቤታችን ሲወተውተው «ጋሼ፣ ማሽኑ ይተካል፣ እኔ አልተካም» ብሎ እምቢ አለ። ቀበቶውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልፈታም። ተከራይ የሚሆን ሰው ከማሽኑ ማርካ በፊት፣ የሚመጣው ኦፕሬተር ከዚህ በፊት ተዳፋት ላይ መሥራቱን ይጠይቅ፤ ሜዳ ላይ መሠረት ሲቆፍር የኖረ ሰው እዚህ አይበቃም።

ቅሬታዬ ውሉ ላይ ነው። ማሽኑ የሚታሰበው በሰዓት ቆጣሪው ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ቆሞ ሲጠብቅም ቆጣሪው ይሄዳል። በዚያ ላይ የቀን ዝቅተኛ ሰዓት አለ፤ ዝናብ ሥራ ያቆመበት ከሰዓት በኋላም ተከፍሎበታል። ማሽኑን ጭኖ የሚያመላልሰው የሎቤዱ መኪና ደርሶ መልስና የኦፕሬተሩ አበል ለብቻ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ቢያስከፉም ይታለፋሉ። ከሁሉ የሚብሰው፣ የሰዓት ክፍያ ከፋዩን ራሱን የጥሩ ሥራ ጠላት ማድረጉ ነው። የላዩን ለም አፈር ለይቶ ማኖር፣ የተቆፈረውን በብሌድ እየገፉ ገልባጭ መኪና እስከሚቆምበት አፋፍ ማድረስ፣ ለስላሳ ቦታዎችን ከ20 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ እየሞሉ መጠቅጠቅ፣ እያንዳንዱ በቆጣሪው ላይ ይታያል። በዚህ ጊዜ ከጎረቤቶች መካከል «ወደ ታች ድፋው፣ ይለቅ» የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም፤ ተነሥቷልም። የተቆፈረው አፈር ተነፍቶ 225 ሜትር ኩብ፣ በሲኖትራክ ሲጫን 14 ምልልስ ያህል ነው፤ ያን ያህል አፈር ቁልቁል ለቅቆ ክረምት መጠበቅ፣ መሬት መንሸራተትን ጠንቅቃ በምታውቅ ከተማ ውስጥ፣ በታች ባለው ቤት ላይ መፍረድ ነው። ክፍያው በተጠናቀቀ ሜትር ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ስለ ሰንሰለቱም አንድ ቃል ልጨምር። ትናንሾቹ ማሽኖች በአብዛኛው የጎማ ሰንሰለት ነው ያላቸው፤ በኮብልስቶን ላይ ሲያልፍ መንገድ አያበላሽም፣ ስለታም ባዛልት ላይ ሲዞር ግን ይቆረጣል። የእኛ ቦታ ቀይ ሸክላ አፈር በመሃል በመሃሉ የባዛልት ድንጋይ ያለበት ስለሆነ፣ ኦፕሬተሩ በቦታው ላይ ከመዞር ይልቅ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ነበር አቅጣጫ የሚቀይረው። ባኬቱ ያልቻለውን ድንጋይ ለመስበር ጃክሐመር ገጥሞ መሥራት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል፤ በዚህ መጠን ማሽን ላይም ተአምር አይጠበቅ። የወጣውን ድንጋይ ለግድግዳው ካብ አዋልነው። 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ሸክላ አፈር ቀጥ ብሎ ክረምትን አይሻገርም፤ ወይ ወደ ኋላ ማጋደል፣ ይኸውም ተጨማሪ ቁፋሮ ነው፣ ወይ መካብ የግድ ነው።

የውሃውን ነገር ማሽኑ ከመሄዱ በፊት መጨረስ ይገባል። የመንገዱ ዳገት 12 በመቶ ነው፤ በ80 ሜትር ውስጥ ወደ 9.6 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቢሆን የተጫነ አይሱዙ በእርጥብ ጊዜ ይቸገራል፣ ጎርፉም መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። በጠባቡ ባኬት በውስጠኛው ግድግዳ ሥር ቦይ ተቀደደ፤ በየ20 ሜትሩም ውሃውን ወደ ድንጋያማ ቦታ የሚያሻግር ተዳፋት ዝቅታ ተሠራ። ይህ በዶማና በአካፋ ቢሠራ የብዙ ሰው የቀን ሥራ ነበር፤ ማሽኑ ግን በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

ወሎ ውስጥ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊጥል ስለሚችል፣ ማሽን ለመያዝ የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ በእነዚህ ወራት ግን ሌላውም ሰው ስለሚፈልገው ቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድና ከታችኛው ጎረቤት ጋር የተጻፈ ስምምነት ሳይኖር ማሽን አይጠራ። ከእኛ በላይ ላሉት ቤቶች ቀሪውን መንገድ ለማስቆረጥ ይህንኑ አከራይና፣ ከተገኘ ይህንኑ ኦፕሬተር፣ እንመርጣለን፤ ክፍያው በሜትር እንዲሆን፣ አፈሩን እስከ ገልባጩ ማድረስና ቦይ መቅደድም በዚያው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ያቀረብነው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።