ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ

የምጽፈው ከደሴ ነው። የጡት ካንሰር አለብኝ። ወደ አጥንቴ ተሰራጭቷል፣ ደረጃ 4 የሚሉት ማለት ነው። ስልኬን ያነሳሁት ግን እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ነው። ይሄን የማስቀድመው "ደረጃ 4" ሲባል ሰው ወዲያው ድንኳን ስለሚታየው ነው።

ምስጋናዬ አዲስ አበባ በካንሰር ክፍል ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሜን እንዳትጠሪ ብላኛለች፣ እሺ ብያለሁ። ሥራዋን ከማውራት ግን ማን ይከለክለኛል?

ጡቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ ኬሞውን ጨርሼ፣ ጸጉሬም በቅሎ ዓመታት አልፈው ነበር። ከዚያ ወገቤን ያመኝ ጀመር። አንዱ ጎረቤት "ብርድ ነው" አለ፣ ሌላው "ዲስክ ነው"። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በማስታገሻ የማይለቅ ሕመም ነበር። የምርመራው ውጤት ሲመጣ አንድ ባለሙያ ባለቤቴን ኮሪደር ላይ ነጥሎ "ምንም አይደረግላትም፣ ይዘሃት ግባ" ብሎታል። የት እንደሆነ አልናገርም። ባለቤቴ ይሄን በሆዱ ይዞ ነው የከረመው።

ሲስተር ሁለታችንንም አንድ ላይ አስቀመጠችን። ወረቀት ገልብጣ በእስክሪፕቶ የሰው አጽም ሣለች። ሥዕል አትችልም፣ እኔም ነግሬያታለሁ። "ይሄ አዲስ የአጥንት ካንሰር አይደለም፣ ከጡት ሄዶ አጥንት ላይ ያረፈ የጡት ካንሰር ነው። መድኃኒቱም የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው" አለችን። "ነቅሎ የሚያጠፋው ሕክምና የለም። የሚይዘው ግን አለ። እንደ ስኳር በሽታ እየተከታተልነው እንሄዳለን።" ባለቤቴ "ስንት ዓመት?" አላት። "እሱን እኔም አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። ዓመታት የኖሩ ታካሚዎች ግን አሉኝ" አለችው። ለማጽናናት ብላ ቁጥር አልፈጠረችም። ያን ቀን አመንኳት።

ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ የአጥንት ማጠንከሪያ አለ። ተራዬን ስጠብቅ መጣችና "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ። ደነገጥኩ። ለካ የተበላሸ ጥርስ ካለ ቀድሞ መነቀል አለበት። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ጥርስ ከተነቀለ የመንጋጋው አጥንት አልድን ሊል ይችላል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ላከችኝና ቁስሉ ሲድን ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ወረፋ መሃል የእኔን ጥርስ ማን ያስባል?

ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሲታዘዝልኝ እናቴ እዬዬ አለች። "እማማ፣ ይሄ ለሕመሟ ነው እንጂ ለመጨረሻ ቀን አይደለም" ብላ ሲስተር ሽሮፑን በሲሪንጅ እየለካች አሳየቻት። ሱሱን ስንፈራ እሷ የምትጨነቀው መድኃኒቱ ለሚያመጣው የሆድ ድርቀት ነበር። ማለስለሻውን አብሬ እንድወስድ ሳታሳስበኝ ሸኝታኝ አታውቅም። ጸበል እሄዳለሁ ስላትም አልተቆጣችኝም፦ "ሂጂ የኔ እናት፣ ኪኒኑን ግን በቦርሳሽ ያዢ።"

አንድ ነገር ደግሞ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች፣ እኔን ለመሰላችሁ ሁሉ ይድረስ። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንትን መቆጣጠር ካቃተ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ኅብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላልና ያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ነው።

የጡት ካንሰር ወር የሚባለው ኦክቶበር ሲመጣ ሮዝ ሪባን ይደረጋል፣ "ቀድሞ ከተገኘ ይድናል" ይባላል። ይባል፣ ብዙ እህቶች ያድናል። ግን በዚህ ምክንያት "በጊዜ ብትሄጂ ኖሮ" የሚሉኝ አሉ። በጊዜ ነው የሄድኩት! በደንብ ታክሞም ከዓመታት በኋላ የሚመለስ አለ። አሜሪካ ውስጥ ኦክቶበር 13 የእኛ የተሰራጨብን ሴቶች ቀን ተብሎ ይታሰባል። እኛም አገር በዚያ ወር አንድ ሰው ስለኛ ቢያወራ ደስ ይለኛል። "ሕክምናሽን መቼ ነው የምትጨርሺው?" የምትሉኝም፣ አልጨርስም። መድኃኒቱ እስከሠራ እወስዳለሁ፣ ካልሠራ ሐኪሜ ይቀይረዋል።

ከክፍለ ሀገር ለምትመጡ፦ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ ለካንሰር ታካሚዎች ነጻ ማረፊያ አለው። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው ድርጅቱን ያቋቋሙት። ለጨረር ስመጣ ያረፍኩት እዚያ ነው። ማታ ማታ ከወለጋ ከመጣች እናት ጋር ባልተሟላ ኦሮምኛዬና በእሷ አማርኛ እንስቅ ነበር። ቦታ እንዳይጠፋ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤታችሁን ዋናውን ያዙ፣ ኮፒውን ቤት ተዉ። ሆስፒታል ስትደርሱም "የማስታገሻ ሕክምና ክፍል አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኔዋን ሲስተር ያገኘኋት እንዲያ ብዬ ጠይቄ ነው።