ደብረ ማርቆስ ላይ ሮል ኬጅ የሚገጥምላችሁ ሰው ለምትፈልጉ

ዲኤክስ ኮሮላችን ላይ ሮል ኬጅ (መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይደፋ ውስጡ የሚገጠም የብረት ቱቦ ቅርጫት) ለገጠመልን ወንድማችን እጁ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አንለጥፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ምን እንደሠራ ግን ዘርዘር አድርገን እንጻፍ፤ ይህ ሥራ አንዴ ቀለም ከተቀባ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ይመስላልና።

መጀመሪያ የምናመሰግነው እምቢታውን ነው። በርና መስኮት የሚሠራበትን ቱቦላሬ አልነካም አለ። ቱቦላሬ ላሜራ ተጠቅልሎ በጎኑ የተበየደ ስለሆነ ሲታጠፍ ስፌቱ ሊከፈት፣ ውስጠኛው ጎኑም ሊጨማደድ ይችላል። የውሃ ቧንቧም አይሆንም፤ የተለበጠበት ዚንክ ብየዳውን ወንፊት ያደርገዋል፣ ጭሱም በያጁን ያሳምማል። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የኤፍአይኤ ደንብ ከሾፌሩ ጀርባ ለሚቆመው ዋና ቅስት ስፌት የሌለው 45 በ2.5 ሚሊ ሜትር (የውጭ ዲያሜትር በግድግዳ ውፍረት) ወይም 50 በ2 ቱቦ ይጠይቃል፤ ለአብዛኞቹ ቀሪዎች 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። እሱም የሻጩን ቃል አላመነም፤ ጫፍ ጫፉን ቆርጦ በካሊፐር ለካ። ለ45 የሚሆን ማጠፊያ ስለሌለው ልኩን በሽቦ አውጥቶ አዲስ አበባ አሳጠፈው። የእጥፋቱ ራዲየስ ከቱቦው ዲያሜትር ሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ ለ45 ቢያንስ 135 ሚሊ ሜትር።

ሁሉም ነገር ያለው ግን እግሩ ላይ ነው። የመኪና ወለል ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቱቦው በቀጥታ እዚያ ላይ ከተበየደ፣ መኪናው ሲገለበጥ ወለሉን እንደ መብሻ በስቶ ይወርዳል፤ ጣሪያውም ተከትሎት ይመጣል። ስለዚህ ከዋናው ቅስት እግሮች ሥር ውፍረቱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ቢያንስ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት ይገባል። የኛ 10 በ14 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለሁለት ታጥፏል፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ተኝቶ ግማሹ ከበሩ ሥር ባለው ሳጥን ጎን ላይ ወጥቷል። ማዕዘኖቹን በግራይንደር አጠጋግቷቸዋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ጥግ ነው። ከዚያ በፊት ምንጣፉን አንስቶ፣ ጥቁሩን ሬንጅ ፍቆ፣ የዛገውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተክቷል። ዝገት ላይ ያረፈ ብየዳ የያዘው ዝገቱን ነው። በብሎን ለምታስገጥሙ ደግሞ ለእያንዳንዱ የዋና ቅስት እግር ቢያንስ ሦስት ኤም 8 ብሎን፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈበት።

ቅስቱ ጣሪያውን ተጠግቶ ስለሚቆም ከላይ በኩል ኤሌክትሮድ አይገባም። አንዳንዱ በያጅ ከታች የሚታየውን ግማሽ ክብ ብቻ በይዶ ላዩን በስቱኮ ያለብሰዋል። ይሄኛው የእግር ብረቶቹን ከመበየዱ በፊት እግሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ወለሉን ቀዶ ቅስቶቹን ዝቅ አደረጋቸው፤ መጋጠሚያዎቹን ዙሪያቸውን በየደ፤ ከዚያ ወደ ቦታቸው አንስቶ ቀዳዳዎቹን በእግር ብረቶቹ ዘጋ። መስታወት ከላይ አስገብታችሁ ብታዩ ብየዳው ሳይቋረጥ ይዞራል። ኤሌክትሮዱ 7018 ነው፤ በጎጃም ክረምት እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ከውስጥ ይሰነጠቃልና አድርቆ ነው የሚጠቀመው። የብየዳውን ጉብታ ለማሳመር አይፍቅም፤ የተፈቀው ጥንካሬው ነው።

ሄልሜት የማያደርግ ሰው ሲመጣበት አልሠራም ይላል፤ ልክ ነው። ለየቀኑ መንገድ በምትነዳ መኪና ውስጥ፣ ባዶ ጭንቅላት አጠገብ ያለ ቱቦ በትንሽ ግጭት ሊገድል ይችላል። ሄልሜት የሚደርስበት ቱቦ ሁሉ በጠንካራው የኬጅ ስፖንጅ ይሸፈናል፤ የፍራሽ ስፖንጅ ይሄን አይተካም። የትከሻ ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ ባለው አግድም ቱቦ ላይ ነው ያሰረው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይወርዳል። ወለል ላይ የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ቁልቁል ይጫናል።

ጉድለቱንም እንናገር፦ ቀለም አይሆንለትም፣ «ነገ ያልቃል» ካላችሁ ደግሞ ሳምንት ጨምሩበት። ወንበሩን፣ ምንጣፉንና የጣሪያውን ጨርቅ አውልቃችሁ፣ ባትሪውን ፈታችሁ ውሰዱለት፤ ያንን ለማውለቅ የሚያጠፋውን ቀንም ያስከፍላል።