ወንድሜ ስሎ አክታውን እንዲያወጣ ላስቻለችው ፊዚዮቴራፒስት

ያለፈው ሳምንት ወንድሜን ጉንፋን ያዘው። ሆስፒታል ሳይገባ ቤቱ ተኝቶ ዳነ። ለእኛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ያበቃችንን ሴት ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም።

ወንድሜ ግንባታ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ አንገቱ ላይ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ሐኪሞቹ "ሲ 5" ይሉታል፤ ከላይ ሲቆጠር አምስተኛው የአንገት ህብለ ሰረሰር ደረጃ ማለት ነው። ክንዱን ያጥፋል፤ ጣቶቹና እግሮቹ ግን አይታዘዙለትም። የኛ ጥያቄ ሁልጊዜ "ይራመድ ይሆን?" ነበር። ያለ ማሽን ስለሚተነፍስ ትንፋሹ አላሳሰበንም። ከሆስፒታል ሲወጣም ስለ ሳል የነገረን የለም። በ6 ወር ውስጥ ሁለቴ የሳንባ ምች ያዘው። አክታው ጉሮሮው ላይ እየተንኮረኮረ፣ ማስወጣት አቅቶት ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ያደረበትን ሌሊት አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ነው እሷን በሰው በሰው ያገኘናት። ቤት ለቤት ነው የምትሠራው። የመጀመሪያው ቀን እግሩን አልነካችም። "እስቲ ሳልልኝ" አለችው። ሳለ፤ ጉሮሮ ከመጥረግ አይበልጥም።

እናቴን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳቻት። ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ስር ያለውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያዘው ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው፤ ከሲ 3 እስከ ሲ 5። ስለዚህ ወንድሜ አየር ያስገባል። ለማሳል ግን የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ያስፈልጋሉ፤ የእነሱ ነርቮች ከጉዳቱ በታች ናቸው። "የሚገፋለት ሆድ የለውም፤ እናንተ ሆድ ትሆኑታላችሁ" አለች።

ከዚያ መዳፏን ከእምብርቱ ከፍ፣ ከጎድኑ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠች። በደንብ አየር አስገብቶ ሊስል ሲል ወደ ውስጥና ወደ ላይ ገፋችለት። አክታው ወጣ። እናቴ "ተመስገን" ብላ አለቀሰች።

ሦስታችንንም እየተመለከተች አለማመደችን። ጎድኑን እንዳንጫን፣ ምግብ እንደበላ እንዳንሞክር አስጠነቀቀችን። በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት፣ ትንፋሽ ላይ ትንፋሽ እየደራረበ ሳንባውን እንዲሞላም አሳየችው። አስም ያለባቸው በሚነፉበት መለኪያ የሳሉን ኃይል እየለካች ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ ሲተኛ ይሻለዋል። ደክሞት መስሎን አልጋ ላይ እናውለው ነበር፤ ያ ስህተት ነበር። ለካ ሲቀመጥ የላላው ሆዱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ድያፍራሙም አብሮ ይወርዳል፣ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል። ሆዱን በሰፊ ቀበቶ አሰረችለት። እናቴ "እንደ አራስ መቀነት በሉኛ!" አለች። አሁን ከሰዓቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ይቀመጣል።

በጣም የማከብርላት አንድ ነገር አለ። ይራመዳል ብላ ቃል ገብታልን አታውቅም። "ትኩሳት ካለው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ እኔን አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ውሰዱት" ትለናለች።

ስሟን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምናኛለች። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ታማሚ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ የምታገኙትን ፊዚዮቴራፒስት "ሳል ማገዝ አሳየን" በሉት። እግሩን ከማሸት በፊት ይህንን ጠይቁ።

እህታችን፣ ይህን ስታነቢ፦ በጉንፋኑ ሌሊት ያልደወልንልሽ ረስተንሽ አይደለም። እናቴ በራሷ እጅ አክታውን ስላወጣችለት ነው። እግዜር ይስጥልን።